የሐብሐብና የሜሎን ቫይረስን ከማሳ አጥር ባሻገር መከላከል፦ ለኮምቦልቻና አካባቢዋ አምራቾች ዝርዝር መመሪያ

ከኮምቦልቻ ከተማ ዝቅ ብሎ በቦርከና ዳር ባለችኝ ቁራሽ መሬት መጀመሪያ ሐብሐብ የዘራሁ ዓመት፣ አምስተኛው ሳምንት ላይ ቅጠሉ መኮማተር ጀመረ። ከሐረጉ ጫፍ የሚወጣው አዲስ ቅጠል ቢጫና አረንጓዴ ተዥጎርጉሮ፣ አንዳንዱም ከቅጠልነት ወጥቶ ክር መስሎ ነበር። ገልብጬ ሳየው ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት) አገኘሁበትና መርጫዬን ተሸከምኩ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ረጨሁ። ክሽክሹ አለቀ፤ በሽታው ግን ከመስመር መስመር እየተሻገረ ማሳውን አዳረሰው። ፍሬው አባጣ ጎርባጣ ሆኖ ወጣ። ደሴ ገበያ አድርሼው፣ አንድ ነጋዴ በጫማው ጫፍ አንከባለለውና ምንም ሳይናገር ወደሚቀጥለው ሻጭ አለፈ።

ምንጩን ያወቅሁት ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ከማሳዬ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ የአንዲት ጎረቤቴ አጥር ላይ የተንጠለጠለ ዱባ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ለምልሞ የቆየ፣ ቅጠሉም ልክ እንደ እኔው ሐብሐብ የተዥጎረጎረ። «እማማ፣ ይህ ዱባ እኮ ታሟል» ብላቸው፣ «አይ ልጄ፣ ዱሮም እንዲህ ነው፤ ወጡን አልነሳኝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዱባ ታሞም ያፈራል፤ ሐብሐብ ግን አይችለውም።

ቫይረስ አንዴ ከገባበት ተክል የሚያስወጣው መድኃኒት የለም። የሚያመጡት ነፍሳት ደግሞ የማሳ ድንበር አያውቁም። ስለዚህ የመከላከሉ ሥራ የሚጀምረው ከማሳው ውጭ ነው፦ ጎረቤት አጥር ላይ፣ ቦይ ዳር፣ ነፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ፣ የአካባቢው ሰው በሚዘራበት ቀን ላይ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ያንን ነው።

መርጨት ለምን አያድንም

በሐብሐብ፣ በሜሎን፣ በኪያር፣ በዝኩኒና በዱባ ላይ የሚመጡት ቫይረሶች ብዙ ናቸው። ስማቸውን ከመሸምደድ ይልቅ በአመጣጣቸው ሦስት ቦታ መክፈል ለገበሬ ይጠቅማል።

የመጀመሪያዎቹ ክሽክሽ በአፉ ጫፍ ይዟቸው የሚዞር ናቸው። የኪያር ሞዛይክ፣ የዝኩኒ ቢጫ ሞዛይክ፣ የሐብሐብ ሞዛይክና የፓፓያ የቀለበት ነጠብጣብ ቫይረሶች ከዚህ ወገን ናቸው። ክንፍ ያለው ክሽክሽ የታመመ ቅጠል ላይ አርፎ ለጥቂት ሰኮንዶች ይቀምሳል፤ ቫይረሱን ያዘ ማለት ነው። ቀጥሎ ያረፈበትን ተክል ይቀምሳል፤ አስተላለፈ። ይህን የሚያደርገው ክሽክሽ ደግሞ የግድ ሐብሐብ ላይ የሚኖር አይደለም። ከባቄላ ወይም ከአረም የተነሣ መንገደኛ ሊሆን ይችላል፤ ቀምሶ ሳይጥመው ሲቀር ይነሣና ሌላውን ይቀምሳል። መድኃኒቱ እስኪገድለው ድረስ ሥራውን ጨርሷል። እንዲያውም አንዳንዱ መድኃኒት ያቅበጠብጠውና ከተክል ተክል መዝለሉን ያበዛበታል። እኔ በሳምንት ሁለት ጊዜ ስረጭ በሽታውን ሳልረዳው አልቀረሁም። አንድ ደካማ ጎን ግን አላቸው፤ ቫይረሱ በክሽክሹ አፍ ላይ ብዙ አይቆይም። የማይታመም ተክል ደጋግሞ ከቀመሰ ይጸዳል። ይህችን ነጥብ ያዝ ያድርጓት፤ ማሽላው ላይ ስንደርስ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው ወገን ክሽክሹ ሰውነት ውስጥ የሚገባው የቢጫ ቅጠል ቫይረስ ነው። ለመያዝ ለሰዓታት መመገብ ያስፈልገዋል፤ ከያዘ በኋላ ግን ክሽክሹ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተላልፍ ይኖራል። ሦስተኛው በነጭ ዝንብ የሚመጣው ነው፤ ከእነዚህም አንዱ፣ የሐብሐብ ማሳን አቢጭቶ የሚያቀጭጨው ቫይረስ፣ በየመንና በጎረቤታችን በሱዳን የታወቀ ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ ወገኖች ነፍሳቱን መቀነስ የተወሰነ ዋጋ አለው፤ ለመጀመሪያው ግን የለውም ማለት ይቻላል።

አንደኛ፦ ቅጠሉን ይመልከቱና ወገኑን ይለዩ

የቱ ቅጠል እንደታመመ ማየት ግማሹን መልስ ይሰጣል። ዝንጉርጉርነቱና መኮማተሩ በሐረጉ ጫፍ፣ በአዳዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ከታየ የሞዛይኩን ወገን ይጠርጥሩ። ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ከግንዱ ሥር ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ከቢጫቸው ደግሞ የቢጫ ቅጠል ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ከክሽክሽ ወይም ከነጭ ዝንብ የመጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የማዳበሪያ እጥረት ነው ብሎ ዩሪያ ይጨምራል። አንድ ቢጫ ቅጠል ይዘው እጥፍ ያድርጉት፦ በቫይረሱ የታመመው ብዙ ጊዜ ወፈር ብሎ ይሰበራል፤ የቅጠሉ ጅማቶችም አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከላቸው ያለው ብቻ ይቢጫል። ማሳው ላይም ይለያል። የማዳበሪያ እጥረት መስመሩን ተከትሎ በሰፊው ሲታይ፣ ቫይረስ ግን እዚህ አንድ፣ እዚያ ሦስት እያለ ነው የሚጀምረው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከማሳው ዳር።

በዓይን የሚደረግ ምርመራ ይህን ያህል ነው። የቫይረሱን ማንነት በትክክል ለማወቅ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት፤ የቀበሌዎ የልማት ሠራተኛ የእፅዋት ጤና ባለሙያ ወዳለበት ይመራዎታል። ቅጠሉን በደረቅ ወረቀት ጠቅልለው ይውሰዱ፤ እርጥብ ፌስታል ውስጥ ካሳደሩት ይበሰብሳል።

ሁለተኛ፦ ካርታ ይሳሉ

የልጅዎ ደብተር አንድ ገጽ ይበቃል። ማሳዎን መሐል ላይ ያስቀምጡና በአራቱም አቅጣጫ አምስት መቶ እርምጃ እየሄዱ ያገኙትን ያስፍሩ። እኔ ይህን ሥራ የምሠራው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም መጨረሻ ነው። የዚያን ጊዜ አካባቢው ሁሉ አረንጓዴ ስለሆነ ቫይረሱ ክረምቱን የት እንዳሳለፈ ቁጭ ብሎ ይታያል።

ከሁሉ በፊት የሚሰፍሩት የሐብሐብ ዘመዶች ናቸው። በየአጥሩ የተንጠለጠለው ዱባና ቅል፣ ካለፈው ማሳ ሳይነቀል የቀረው ሐረግ፣ ከወደቀ ፍሬ የበቀለው ወፍ ዘራሽ። መኪና ቆሞ ተሳፋሪ ሐብሐብ በሚበላበት የአስፋልት ዳር ቢመለከቱ፣ ከዝናብ በኋላ በተጣለው ልጣጭ ቦታ ሐብሐብ በቅሎ ያገኛሉ። ማንም አይዘራውም፤ ማንም አይነቅለውም። የዱር ዘመዶችም አሉ፦ በየድንበሩ የሚሳበው የምድር እንቧይና አጥር ላይ የሚወጣው ሐረግሬሳ ሁለቱም የዱባ ቤተሰብ ናቸው።

ቀጥሎ አረሙ። የኪያር ሞዛይክ ቫይረስ ብቻውን ከአንድ ሺህ በላይ የዕፅዋት ዓይነቶችን ይይዛል፤ ሁሉንም ማሳደድ አይቻልም። እኔ ካርታው ላይ የማሰፍረው ቦይ ዳር በብዛት የሚበቅለውን ሰፋፊ ቅጠል አረም ነው፦ አውጥ፣ ልት፣ አስተናግር፣ ቅንጬ። መጨረሻ ላይ የጎረቤት ሰብል ይመጣል። ቲማቲም፣ ጥጥና ባቄላ ነጭ ዝንብ ይራባባቸዋል፤ ሲደርቁ ወይም ሲነቀሉ ዝንቡ ተነሥቶ ወደ ቀረበው አረንጓዴ ይሄዳል። ስለዚህ ጎን ለጎን ቲማቲም ካለ መቼ እንደሚነሣ ጠይቀው ቀኑን ይጻፉበት።

አረም የማጽዳቱ ጊዜ ከማጽዳቱ እኩል ያስፈልጋል። ችግኙ ማሳ ከገባ በኋላ የቦዩን አረም በአንድ ቀን ቢያጭዱት፣ ያለ ቤት የቀረው ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ሁሉ እርስዎ ጋ ይሰፍራል። ከመዝራትዎ ሦስት ሳምንት ቀድመው ይጨርሱት። ካለፈዎት ደግሞ ይተዉት፤ ወይም የዱባውን ዘመዶች ብቻ እየመረጡ ይንቀሉ። ሣሩን አይንኩት፤ ሣር ለአብዛኞቹ የሐብሐብ ቫይረሶች ማደሪያ ስላልሆነ ባዶ መሬት ላይ አዲስ አረም እንዳይበቅል ይከለክልልዎታል።

የእማማን ዱባ በተመለከተ፣ ማሳሰቢያ ሰጥቼም ሆነ ተቆጥቼ አልነበረም የጨረስኩት። ፍሬው በጥቅምት ስለሚለቀም ሐረጉን በጥቅምት መጨረሻ እኔው ነቅዬ እቀብርላቸዋለሁ፤ እርሳቸው ከመጀመሪያው ሐብሐብ ሁለት ፍሬ ይደርሳቸዋል። ውሉ እስካሁን ጸንቷል።

ሦስተኛ፦ ነፋሱን ይወቁ

ክሽክሽም ነጭ ዝንብም ደካማ በራሪዎች ናቸው፤ ሩቅ የሚሄዱት ነፋስ ሲሸከማቸው ነው። በማሳው አራት ማዕዘን ረዘም ያለ እንጨት ተክለው ከፌስታል የተቀደደ ቀጭን ክር ያንጠልጥሉበት። ለሁለት ሳምንት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ወዴት እንደሚውለበለብ ይመዝግቡ።

ሸለቆ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀን ቀን ነፋሱ ከታች ወደ ላይ፣ ማታ ደግሞ ከተራራው ወደ ታች ይነፍሳል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡና ከሚሴ ሲወርዱ አገሩ እየሞቀ ስለሚሄድ እዚያ ቀድሞ ይዘራል፤ ነፍሳቱም ቀድመው ይራባሉ። የእኛ ሐብሐብ ገና ሁለት ቅጠል ሳለ የታችኛው ማሳ አርጅቶ ይሆናል። ነፍሳቱ የሚበሩት ደግሞ ቀን ነው። ስለዚህ ታች ያለውን አሮጌ ማሳ ከሩቅም ቢሆን ካርታዎ ላይ አይርሱት። በራስዎ መሬትም ቢሆን በየተራ የሚዘሩ ከሆነ፣ አዲሱን ማሳ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ያድርጉ። አሮጌው ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ይቅር። ይህን አንዱን ብቻ ማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግን ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚያደርገው፤ ለቦዩ የቀረበውን ያስቀድማልና።

አራተኛ፦ ቀኑን አንድ ላይ ይቁረጡ

ከሁሉ የሚከብደው፣ ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ነው።

ቫይረሱ ከወቅት ወደ ወቅት የሚሻገረው አረንጓዴ ሐረግ ሳይቋረጥ ሲጠብቀው ነው። አንዱ ገበሬ ሲለቅም ሌላው ከዘራ፣ ሦስተኛው ደግሞ መሐል ላይ ከሆነ፣ መሻገሪያው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ1990ዎቹ በነጭ ዝንብ የሚመጣው የቲማቲም ቫይረስ አምራቾችን ባስጨነቀ ጊዜ፣ መንግሥት ዝንቡ የሚወዳቸው ሰብሎች በዓመት ለሦስት ወር እንዳይበቅሉ በሕግ ከለከለ፤ ምርቱም አገገመ። በአሜሪካ በካሊፎርኒያና በአሪዞና ድንበር አካባቢ ደግሞ በ2006 በነጭ ዝንብ የሚመጣ የሜሎን ቫይረስ ገብቶ፣ በጸደይ የሚዘራው በብዛት ሲያመልጥ ከበጋው ሙቀት በኋላ የሚዘራው ክፉኛ ተመታ። ዝንቡ በሙቀቱ ተራብቶ፣ ቫይረሱን ከቀደመው ሰብል ይዞ ይጠብቀው ነበር። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ዘንድ ተፈጥሮ ራሷ ግማሹን ሠርታልናለች። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ስለሚበዛ ሐብሐብ የሚዘራ የለም ማለት ይቻላል። ያችን ክፍተት የሚያበላሽዋት የአጥር ዱባና ወፍ ዘራሹ ናቸው። እነርሱን አስወግዶ ክፍተቱን መጠበቅ ከተቻለ፣ ቫይረሱ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ታዲያ ሰውን እንዴት ማስማማት ይቻላል? የሚያስማማ ነገር ቀድሞም አለ፤ ረመዳን። ለፍጥር ሐብሐብና ሜሎን የሚፈለግበት ወር ስለሆነ ሁሉም ለዚያ ለማድረስ ይሞክራል። ከዘር እስከ ለቀማ እንደ ዝርያውና እንደ ቅዝቃዜው ከሰማንያ እስከ መቶ ቀን ይወስዳል ብለው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ረመዳን በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ስለሚቀድም ያለፈው ዓመት ቀን አያገለግልም፤ በየዓመቱ መቁጠር ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሐብሐቡን ያዘገየዋል፤ እኔ ሁለት ሳምንት እጨምራለሁ። ደሴ ደግሞ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ ለመሸጥ እንጂ ለመዝራት አትሆንም።

ውሳኔው የሚደረግበት ቦታም አለ። የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍለው የውኃ አባት ነው፤ ውኃ ያልደረሰው ሊዘራ አይችልም። ጉዳዩን መጀመሪያ ለእርሳቸው ያስረዱ። ከዚያ ቅሬ (የአካባቢው ዕድር) ሲሰበሰብ፣ የመጣችሁበት ጉዳይ ካለቀ በኋላ አሥር ደቂቃ ይጠይቁ። ካርታውን ይዘው ይሂዱ፤ የታመመ ቅጠልና ጤነኛ ቅጠል ጎን ለጎን ያሳዩ። የሚለምኑት ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፦ ሁሉም በተመሳሳይ ሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲዘራ፣ የለቀመ በሳምንቱ ሐረጉን እንዲነቅል፣ ቢያንስ ለአንድ ወር ተኩል በቦዩ ዳር የዱባ ቤተሰብ የሆነ ሁሉ እንዳይገኝ። ከዚህ በላይ ከጠየቁ አንዱም አይሆንም። ሁሉም እሺ እስኪል አይጠብቁ፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያሉት አራት አምስት ሰዎች ከተስማሙ ለውጡ ይታያል።

አምስተኛ፦ ማሳውን ይቀይሱ

ነፍሳቱ መጀመሪያ የሚያርፉት ዳር ላይ ነው። ቀጭንና ረዥም ማሳ ሁለመናው ዳር ስለሆነ፣ ምርጫ ካለዎት ወደ አራት ማዕዘን የቀረበ ይሁን።

ዙሪያውን ማሽላ ይዝሩ፤ በቆሎም ይሆናል። ከላይ ያዝ ያድርጓት ያልኩት ነጥብ እዚህ ነው የምትሠራው፦ ከውጭ የመጣው ክሽክሽ መጀመሪያ የሚያገኘው ረዥሙን ማሽላ ነው። እርሱን ሲቀምስ አፉ ላይ ያለው ቫይረስ ይራገፋል፤ ማሽላው አይታመምም። ወደ ሐብሐቡ ቢገባም ባዶ አፉን ነው። ከዚህ የተነሣ ማሽላው ከሐብሐቡ አንድ ወር ያህል ቀድሞ ተዘርቶ ቁመት ማውጣት አለበት። አብሮ የተዘራ ማሽላ በሚያስፈልግበት ጊዜ ቁመቱ ገና እስከ ጉልበት ነው። ሦስት አራት ረድፍ ጠበቅ አድርገው ይዝሩ፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይጨምሩበት። ጥላው እንዳይጎዳው በማሽላውና በሐብሐቡ መካከል ሁለት ሜትር ይተዉ። ማሽላው ላይ የራሱ ክሽክሽ ሲሰፍርበት ቢያዩ አይደንግጡ፤ ያንን ሊበሉ የሚመጡት ጥንዚዛዎች ወደ ሐብሐቡም ይሻገሩልዎታል። የማሽላ አጥር የነጭ ዝንብን ቫይረስ ግን በዚህ መንገድ አያጸዳም። እርሱን በቀን መቁረጡና በሐረግ ነቀላው ነው የሚያገኙት።

በራሪ ክሽክሽ ባዶ አፈር ላይ ብቻውን የቆመ ለጋ ችግኝ ከሩቅ ይስበዋል። ስለዚህ በችግኞቹ መካከል የጤፍ ወይም የስንዴ ገለባ ያንጥፉ፤ አቅም ያላቸው ደግሞ ብርማ ፕላስቲክ ያነጥፋሉ፤ ነጸብራቁ ያባርረዋል። ሐረጉ አፈሩን ከሸፈነ በኋላ ሁለቱም ጥቅማቸው ይቀንሳል፤ ግን እስከዚያ ያለፈ ተክል ዘግይቶ ቢታመም እንኳን ጉዳቱ ቀላል ነው።

ስድስተኛ፦ ችግኙን ይጠብቁ

ለጋ ሳለ የታመመ ተክል ፍሬ አይሰጥም ብለው ይቁጠሩት። ችግኝ ጣቢያው ከማንኛውም አሮጌ ማሳ የራቀና በመረብ የተሸፈነ ይሁን። ለነጭ ዝንብ የሚሆነው ቀዳዳው እጅግ ጠባብ የሆነ የግብርና መረብ ነው፤ የወባ አጎበር ዝንቡን ያሳልፈዋል። ሐርቡ በኩል ወባ ስላለም አጎበሩ ከአልጋ ላይ አይነሣ። ማሳ ላይ ችግኙን በመረብ የሚሸፍኑ ከሆነ የሴቴ አበባ ሲታይ ይግለጡት፤ ንብ ካልገባ ፍሬ የለም። ችግኝ ገዝተው የሚተክሉ ከሆነ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ፤ ከቆላ በመኪና የመጣ ችግኝ ነጭ ዝንቡን ከነቫይረሱ ያመጣል። ከታመመ ፍሬ ዘር አያስቀሩ፤ አንዳንዶቹ ቫይረሶች በዘር ይሻገራሉ።

ሰባተኛ፦ በየሳምንቱ ይዩ፤ ቀድመው ይንቀሉ

ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቀዳደው ሰሌዳ ያውጡበት፤ ቫዝሊን ወይም ግሪስ ቀብተው በአራቱ ዳር በሐረጉ ቁመት ልክ ይስቀሉት። ቢጫ ቀለም ሁለቱንም ነፍሳት ይስባል። ማሳውን ያድናል ብለው አይጠብቁ፤ ወሬ ነጋሪ ነው። በየሳምንቱ ጁምዓ ጠዋት ቆጥሬ ካርታው ላይ እጽፋለሁ። አንዱ ዳር ከሌሎቹ በልጦ ሲገኝ ምንጩ በዚያ በኩል ነው፤ ተነሥተው ይሂዱና ይፈልጉት። አንድ ጊዜ ይህ ቁጥር ከቦዩ ማዶ ወዳለ፣ ሰው ወደረሳው የቲማቲም መደብ ወስዶኛል።

የታመመ ተክል ሲያገኙ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ነፍሳቱ በብርድ ሳይንቀሳቀሱ ይንቀሉት። ተክሉን ሳያወዛውዙ ከላይ ማዳበሪያ ከረጢት ያልብሱት፤ ከዚያ ከሥሩ ነቅለው የከረጢቱን አፍ አስረው ይቅበሩ። በእጅ ጎትቶ ትከሻ ላይ ጥሎ በማሳው መሐል ማለፍ ነፍሳቱን እንደ ዘር መበተን ነው። ይህ ሥራ የሚጠቅመው የታመሙት በጣት የሚቆጠሩ ሳሉ ነው። ከሃያው አንዱ ከታመመ ወይም ፍሬ መያዝ ከጀመረ በኋላ ነቀላውን ይተዉና ያለውን ያጠጡ።

መርጨት ካስፈለገ፣ ለነጭ ዝንብና ለቢጫ ቅጠሉ ወገን ብቻ፣ ያውም ገና በችግኝነቱ፣ ባለሙያ በመረጠው በተመዘገበ መድኃኒት ይሁን። አበባ ካለ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ አመሻሽ ላይ ይርጩ። ለሞዛይኩ ወገን ለሰብል ተብሎ የተዘጋጀ የማዕድን ዘይት ክሽክሹ ቫይረሱን እንዳያስተላልፍ ያዳክመዋል፤ የሞተርም የወጥ ቤትም ዘይት ቅጠሉን ያቃጥላል።

ስምንተኛ፦ በለቀማው ማግሥት

ገንዘቡ ኪስ ሲገባ ማሳው ይረሳል። ፍሬው ያለቀበት ሐረግ ግን ለቫይረሱ ከሁሉ የተመቸ ጊዜው ነው፤ ማንም አያየው፣ ማንም አይነካው። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ነቅለው ባለበት ፀሐይ ላይ ያድርቁት፤ ነጭ ዝንብ ከበዛበት ከመንቀልዎ በፊት እንዳይበተን ምን ማድረግ እንደሚሻል ባለሙያውን ይጠይቁ። ያልተሸጠውን ብልሽት ፍሬ ለከብት ይስጡ ወይም በጥልቀት ይቅበሩ፤ ቦይ ዳር ከጣሉት በክረምቱ ወፍ ዘራሽ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ከነቀላው በኋላ አንድ ጊዜ መሬቱን አጠጥተው የቀረው ዘር ሲበቅል በማረሻ ይገልብጡት። ካርታውን ደግሞ አይጣሉት፤ ቀኑን ጽፈው ደብተሩ ውስጥ ያኑሩት። በመስከረም መጨረሻ ሲዞሩ አምና ምልክት ካደረጉበት ቦታ ይጀምራሉ።